የቀድሞ ሸክላዎች ለምን አላረጁም?

(ወልድያ ላይ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል በጥቂቱ ያጠረ)



ስለ ሙዚቃ እንድንናገር የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በጠየቀን ጊዜ ሦስታችንም በመጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። ከመካከላችን ኖታ ማንበብ የሚችል የለም። አንዳችን ክራር ይነካካል፤ እሱም ቢሆን የጎረቤት ቁጣ ሲሰማ የሚያቆም ነው። ያለን ነገር ጆሮና በዚህ ዓመት የደረሰብን አንድ የሚያሳፍር ነገር ብቻ ነው። እንግዲህ ንግግራችንን ከሚያሳፍረው ነገር እንጀምር፤ ወደ ጥያቄው የገባነው በዚያው በር ነውና።

ባለፈው የዕረፍት ሳምንት ከሦስታችን የአንዱ ቤተሰብ ወደሚኖርበት ወደ መርሳ ወርደን ነበር። በሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ለመኑን ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ጋሼ በጉልምስናቸው ዘመን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሌላው ሹፌር ገንዘቡን በየመናኸሪያው ሲበትን እሳቸው የተረፋቸውን ለሸክላ ያወጡት ነበር። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባና ከአስመራ አንድ አንድ እያሉ የገዟቸው 31 ትናንሽ ሸክላዎች በቆርቆሮ ሣጥን ተከትተው ከአልጋቸው ሥር ይቀመጡ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሀብሩ ሲደርስ ጋሼ ከነቤተሰባቸው በእግራቸው ወጡ። ወራት ቆይተው ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ የለም፤ ፍራሹ የለም፤ የዱቄት ማስቀመጫው እንኳ የለም። ሣጥኑ ግን ተከፍቶ ሸክላዎቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ነበር። የከፈተው ሰው ምን እንደ ሆኑ አላወቀም፤ ወይም አውቆ ንቋቸዋል። 12ቱ ተረጋግጠው ተሰብረዋል፤ 19ኙ ተርፈዋል።

እኛም ከተረፉት አንዷን፣ የአለማየሁ እሸቴን፣ ለዚህ ስብሰባ እንዲያውሱን ለመንናቸው። ጋሼ ዝም አሉ። ባለቤታቸው ቡና እየቀዱ፣ «ይስጧቸው እንጂ፤ ልጆች ካልሰሙት ሣጥን ይሰማዋል?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ሸክላዋን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡንና፣ «አደራ፣ ፀሐይ እንዳታስመቱብኝ» አሉን። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ለመሙላት ቆመ። እኛም ሻይ ለመጠጣት ወረድን፤ ሸክላዋን ከፊተኛው መስታወት ሥር ትተናት። ብዙ አልቆየንም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይና ግማሽ ክርክር ያህል ነው (ክርክሩም፣ ይቅር በሉን፣ ሙዚቃን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ነበር)። ስንመለስ ጋዜጣው ሞቆ እንደ ምጣድ ያቃጥል ነበር። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ በቆላ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ከዚያ በታች አይሆንም። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየነው ዳርዋ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምሞ የተነሣ ሸክላ ነበር።

በዚያ ማታ በማደሪያችን ያልተኛነው ስለ ምን እንደ ነበር በኋላ ስናስበው ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብን። ያው ዘፈን በየኪሳችን በስልክ አለ። ጠፋ ቢባል በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ሸክላው ከተቀረፀ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ እኛ የተወለድነው ከዚያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አያቶቻችን የጨፈሩበት ነገር የኛን እንቅልፍ የሚነሣው ስለ ምንድን ነው?

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ዓለምም ይጠየቃል። (ከዚህ በኋላ የውጭውን ታሪክና የሸክላዎቹን ዘመን ስንጠራ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በሐምሌ 1954 ሜምፊስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ሰን በሚባል አንዲት ክፍል ብቻ ባለችው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሦስት ሰዎች ሲለፉ አምሽተው ምንም የረባ ነገር ሳያወጡ ቀሩ። አንደኛው የ19 ዓመቱ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነበር፤ ያን ጊዜ እሱም እንደ ጋሼ የጭነት መኪና የሚነዳ ልጅ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ጊታር መቺና አንድ ባስ መቺ አሉ፤ ከበሮ የለም። ዕረፍት ላይ ሳሉ ኤልቪስ አርተር ክሩደፕ የተባለ ጥቁር ዘፋኝ በ1946 ያስቀረፀውን ዘፈን እየቀለደ በፍጥነት ይዘፍነው ጀመር፤ ሁለቱም ተከተሉት። የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ከወዲያኛው ክፍል ሰምቶ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጫወቱት አደረገና ቀረፀው። ሮክ ኤንድ ሮል የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው በዚያች ሌሊት ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ከዚያ ቀድመው ይጫወቱት ነበር። ይሁን እንጂ ያቺ ሸክላ እስከ ዛሬ ትሰማለች፤ ስትሰማም ክፍሉ ራሱ ይሰማል። ፊሊፕስ ሁለተኛ የቴፕ መቅረጫ እየተጠቀመ የፈጠረው ያ አጭር ገደል ማሚቶ አንድ ሰው ከጎናችሁ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ የሚዘፍን ያስመስለዋል።

ቻክ ቤሪ በ1958 ያወጣውን አንድ ዘፈን ደግሞ አሜሪካኖች በ1977 በቮየጀር መንኮራኩር ላይ በወርቅ በተቀባ ሸክላ ቀርፀው ወደ ሰማይ ላኩት። አሁን ከፀሐይ ርቆ ከከዋክብት መካከል ይጓዛል። ያን ሸክላ ፀሐይ አይመታውም፤ እኛ አልያዝነውምና።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሮክ ኤንድ ሮል ኢትዮጵያ የገባው በብዙ በር ነው። አስመራ በነበረው በቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች የራሳቸው ራዲዮ ነበራቸው፤ ለወታደሮቹ የተላከውን የከተማው ወጣትም ይሰማው ነበር። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካ ፊልም ይታያል። ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን ሻንጣቸውን ሲፈቱ ከመጻሕፍት ጋር ሸክላ ይወጣ ነበር። ሆኖም ሙዚቃው የገባው ባዶ ቤት አይደለም፤ ከዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ነፊዎች ነበሩ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ለዐሥርተ ዓመታት ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ጓዶች ነበሩ። ሀገር ፍቅር ነበረ። እንግዲህ የኤልቪስ ድምፅ ሲደርስ ትራምፔት የሚነፋ፣ ሳክስፎን የሚያለቅስበት፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሙዚቀኛ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል።

አለማየሁ እሸቴ የመጣው ከዚያ ነው። በልጅነቱ የአሜሪካ ፊልም ያሳበደው ልጅ ነበር፤ ጠጕሩን እንደ ኤልቪስ ያበጥራል፣ ኮሌታውን ያቆማል፣ የኤልቪስን ዘፈን ለጓደኞቹ ይዘፍናል። ፖሊስ የሙዚቃ ጓድ ገባ። ጓደኛው ግርማ በየነ ፒያኖ እየተጫወተ ሙዚቃውን ያቀናብርለት ነበር። ሰዎች ኋላ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» አሉት፤ ጄምስ ብራውንም ያሉት አሉ። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ስም ያንሰዋል እንላለን። ኤልቪስን መምሰል የፈለገ ልጅ ኤልቪስን ቢመስል ኖሮ ማንም ዛሬ ሸክላውን አይፈልገውም ነበር። የሚደንቀው ለመምሰል እየሞከረ ሳይመስል መቅረቱ ነው። ድምፁ ከጕሮሮው ሲወጣ አማርኛው ያሸንፈዋል። እንግሊዝኛ አጫጭር ቃላትን እንደ ድንጋይ ይወረውራል፤ አማርኛ ግን ግሡን እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህም ዘፋኙ ትንፋሹን ይዞ እስከ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ሊሮጥ ይገደዳል። በአለማየሁ ሸክላዎች ላይ ያ ሩጫ ይሰማል።

ሸክላዎቹን ማን አወጣቸው ቢባል ነገሩ ለኛ ለተማሪዎች ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ይህ ድንጋጌ ጸንቶ ሲኖር የወጣው ሸክላ ጥቂት ነው። አዲሶቹ ዘፋኞች በየምሽት ቤቱ ሰዉን ያሳብዱት ነበር፤ ይሁን እንጂ ድምፃቸው ከሌሊቱ ጋር ይሞት ነበር። በ1969 ዐምሐ እሸቴ የተባለ፣ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ የሚገኝ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት፣ ድንጋጌውን ችላ ብሎ የአለማየሁን ድምፅ ቀረፀና ሸክላውን ውጭ አገር አሳትሞ አመጣው። እሥር ሊመጣበት ይችል እንደ ነበር ያውቃል። ሸክላው ግን ተሸጠ፤ ማንም አላሠረውም። ከዚያ እስከ 1975 ድረስ ዐምሐ ሬኮርድስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና ዐሥር ያህል ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ሌሎችም፣ ፊሊፕስና ከይፋ፣ ተከተሉት። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ሁሉም በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ በሸክላ ላይ አሉ። ሕጉን የጠበቁት ሰዎች ምን እንዳስቀሩልን አናውቅም፤ የጣሰው ያስቀረልን ግን ይኸው በጆሯችን ነው። (ይህን ስንል ሕግ ጣሱ ማለታችን አይደለም፤ የሕግ ክፍል ተማሪዎች ሲያጕረመርሙ ይሰማናል።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ በሸክላው ላይ ያለው ምንድን ነው?

አንደኛው አብሮ መገኘት ነው። በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ከበሮው ሰኞ፣ ባሱ ማክሰኞ፣ ዘፋኙ ዓርብ አይቀረፅም። ሁሉም በአንድ ክፍል ቆመው በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ማይክሮፎኑ ጥቂት ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ለሁሉም እንደገና ነው። ስለዚህ የሚሳሳተው ሰው እንኳ በመተማመን ይሳሳታል። በማደሪያችን መብራት በጠፋ ሌሊት ተኝተን ስንሰማ ያገኘነው ነገር አለ፤ ሳክስፎኑ ትንሽ ይዘገያል፣ ድራም መቺው ይህን ሰምቶ ትንሽ ይጠብቀዋል። ይህ መጠባበቅ በቍጥር አይጻፍም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ምት እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነው፤ ማንንም አይጠብቅም። አንዳችን ይህን ሲሰማ፣ «ሰው ሰውን ሲሰማ ነው የምሰማው» አለ። ከዚያ የተሻለ አነጋገር ስላጣን እሱንው ደግመነዋል።

የጊዜው ማጠርም አለ። በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረው ትንሽ ሸክላ በአንድ ፊቱ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቢይዝ ነው። እንደ ልማዳችን ግን ዘፈን አያልቅም፤ አዝማሪ ከተነሣ ገንዘብ እስካለ ድረስ ይገጥማል። በሸክላ ላይ ይህ ሁሉ መጭመቅ ነበረበት። መግቢያው ዐሥር ሴኮንድ፣ ግጥሙ ሁለት ቤት፣ ሳክስፎኑ አንዴ ጮኾ ይመለሳል፤ በቃ። አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ የሚዘረጋውን በሦስት ደቂቃ ማሰር ቀላል ነገር አይደለም። በሐሳብ ማሠሪያ የሚታወቀውን የቅኔ ልማድ ያሳደገን ሕዝብ ስለ ሆንን ይህ ማጠር ለጆሯችን እንግዳ አልሆነም ብለን እናምናለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅኝቱ ነው፤ እዚህ ላይ ወሎ ትገባለች። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ ዐምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው፤ ሁለቱም ወሎ ውስጥ። ዐምባሰል ከሀብሩ በስተደቡብ ጎረቤታችን ነው፤ ወደ ደሴ ስንሄድ በውጫሌ በኩል አቋርጠነው እናልፋለን፤ ብዙዎቻችን ግን ተኝተን ነው የምናልፈው። ቅኝቶቹ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ሙሉው ትዝታ የሚባለው በአምስት ድምፁ የአሜሪካ ገጠር ዘፈኖችና የጥቁሮች መዝሙሮች ከሚጠቀሙበት አምስት ድምፅ ጋር አንድ ነው። የባቲ አንዱ ዓይነትም ብሉዝ ከሚመሠረትበት አምስት ድምፅ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ የሜምፊስ ሙዚቃ እዚህ ሲደርስ በሩን ማንኳኳት አላስፈለገውም፤ ዘመድ ቤት ገባ። ዐምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ለዚያ ሙዚቃ ዘመድ አይደሉም። ሁለተኛው ድምፃቸው ከመጀመሪያው በግማሽ እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ የፒያኖ ሰው መጀመሪያ ሲሰማቸው የተሳሳተ ይመስለዋል። ከምቱም ላይ ልዩነት አለ፤ ሮክ ኤንድ ሮል በአራት ይረግጣል፣ የኛ ችክችካ ግን ሦስት ሦስቱን እያጠፈ በስድስት ይሄዳል። የሸክላው ዘመን አቀናባሪዎች ሥራ ይህን ሁለት እግር በአንድ ጫማ ማስገባት ነበር። አንዳንዴ ይሰናከላሉ። ሲሳካላቸው ግን ከሜምፊስም ከመርሳም ያልሆነ፣ የሁለቱም የሆነ ነገር ይወጣል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የነፋበትን ያስቡ፤ ያ ሰው ከአሜሪካ የጃዝ ነፊዎች ተምሮ ነው እንዳይሉ አነፋፉ የጦር ሜዳ ነው፤ ከአባቶች ብቻ ወርሶ ነው እንዳይሉ መሣሪያው የቤልጅግ ሰው ፈጠራ ነው።

በዚህ ላይ ልንደብቀው የማይገባ ክርክር አለ። በማደሪያችን አንድ ጓደኛችን (ዛሬም በአዳራሹ አለ፤ እጁን እያወጣ ነው) እንዲህ ይለናል፤ «የድሮ ዘፈን ጥሩ የሚመስላችሁ መጥፎው ስለ ጠፋ ነው። ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ብዙ ግልብ ዘፈን ነበረ፤ ያንን ማንም አላስቀመጠላችሁም። ያንን ከዛሬው ገበያ ሁሉ ጋር ታወዳድራላችሁ።» ብዙ ተከራክረነው በመጨረሻ እውነቱን ነው አልነው። ጋሼም ራሳቸው ከሸክላዎቻቸው መካከል ሦስቱን፣ «እነዚህን ለምን እንደ ገዛኋቸው እንጃ» ብለው አስቀምጠዋቸዋል፤ ሰምተናቸዋል፤ በእርግጥ መጥፎዎች ናቸው።

ሁለተኛውም ክርክር ከበድ ያለ ነው። ያ ዘመን «ወርቃማ» የተባለው ስለ ተቀጨ ነው የሚሉ አሉ። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰው ሌሊት መውጣት አልቻለም፤ የምሽት ቤቱ ሙዚቃ መድረኩን አጣ። ዐምሐ በ1975 አገር ለቀቀ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ካሴት ሸክላን ተካው። ግርማ በየነ አሜሪካ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ጠፋ። በአጭሩ የቀረ ነገር ሁሉ ያምራል ነው ክርክሩ። እኛ ግን ይህን በሙሉ አንቀበለውም። በ1986 አንድ የብራስልስ ኩባንያ የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» ሲያወጣው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሥራ የድሮዎቹን ሸክላዎች ሲያሳትም፣ የገዛው ሰው ሰዓት እላፊ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ አማርኛ አይሰማም፤ የሚያለቅስለት የጠፋ ወጣትነትም የለውም። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ ሲያስገባ ትዝታ ይዞት አልነበረም። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳይ ወጣቶች ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ የተከተሉት ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ሙዚቀኞች ናቸው። በሙዚቃው ውስጥ አንድ ነገር ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ይህን ስንናገር አንድ መራራ ነገር ይዘናል። የኛን ሸክላ ለኛ መልሶ ያሰማን የውጭ ሰው ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፤ አብዛኞቹ ሸክላዎች ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ወጥተዋል። አርተር ክሩደፕም በአሜሪካ በዘፈኑ ሌላው ሲከብር እሱ ድሃ ሆኖ ነው የሞተው፤ ስለዚህ ይህ የኛ ኀጢአት ብቻ አይደለም። ነገር ግን የሌላው ኀጢአት የኛን አያቀልም። እዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ በገንዘቡ የሀገሩን ሙዚቃ ገዝቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ ብንል (አንጠይቅም፤ እኛም አናወጣም)።

አለማየሁ እሸቴ ያረፈው መስከረም 2 ቀን 2021 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ሲለቀስ ወልድያና መርሳ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ መብራትም ስልክም የለም። ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የቀሩት ቤተሰቦቻችን ያን ክረምት በጨለማ ዱቄት ሲፈልጉ የሞተውን ዘፋኝ ማን ያስታውሰዋል? ጋሼ የሰሙት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ወደ ቤታቸው ከተመለሱና ሸክላዎቹን ከወለል ላይ ከለቀሙ በኋላ። «መሞቱን ሳላውቅ ነው አፈሩን የጠረግሁለት» አሉን። የጠረጓት ሸክላ እኛ ሲሪንቃ ላይ ያጣመምናት እሷው ናት።

እንግዲህ እንዴት እንደ መለስናት እንንገራችሁ። መጀመሪያ በሁለት መስታወት መካከል አስገብተን የመዝገበ ቃላት ክምር ጫንንባት፤ ሦስት ቀን ቆየች፤ ጥቂት ተሻላት። ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ ይዘናት ወረድን። በመንገድ ላይ ሦስታችንም ማን እንደሚናገር ዕጣ ተጣጣልን፤ ዕጣ የወጣለትም በሩ ላይ ሲደርስ አፉ ተሳሰረ። ጋሼ ጋዜጣውን ፈቱ፤ ሸክላዋን በብርሃን ላይ አዙረው አዩ፤ ወደኛም አዩ። ምንም አላሉም። ብትቆጡን ይሻለን ነበር።

ማጫወቻቸውን አወጡ። ሸክላዋ ስትዞር መርፌው እንደ ጀልባ ይወጣል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ዘለለ። ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱና አንድ የዐሥር ሳንቲም አወጡ፤ በመርፌው ራስ ላይ በፕላስተር ለጠፉት። እንደገና አስቀመጡት። አልዘለለም። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ትራምፔቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አለማየሁ ግን እስከ መጨረሻ ዘፈነ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሁለተኛውን ቤት አብረው አሉት። ጋሼም ሸክላው ሲያልቅ፣ «ሳንቲሙ ብዙ ከቆየ ይፍቃታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው» አሉን። ቀጥለውም፣ «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ አላውሳችሁም። እናንተ ግን መጥታችሁ ስሙ።»

ስለዚህ ለማኅበሩ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ሸክላ ወደ ወልድያ አናመጣም፤ ጆሮ ወደ ሸክላው እንወስዳለን። የቀሩትን 18 ሸክላዎች በጋሼ ፈቃድ በቤታቸው እንቀርፃለን፤ የተሰበሩትንም 12 ጋሼ በልባቸው ስለሚያውቋቸው ስማቸውንና የገዙበትን ቦታ እንጽፋለን። በመርሳ፣ በውርጌሳና በዚህ በከተማችን ሸክላና የቆየ ካሴት ያላቸው ሌሎች ቤቶች እንዳሉ ጋሼ ነግረውናል፤ የኪነት ዘመን ካሴት፣ የሠርግ ካሴት፣ ማንም ያልቀረፀው የአያት ድምፅ ያለበት ካሴት። ካሴት ከሸክላ ቶሎ ያረጃል፤ ቴፑ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከካሴቱ መጀመር ይሻላል የሚለውን የፊዚክስ መምህራችንን ምክር ተቀብለናል። ለዚህ ሥራ አንድ የሚሠራ ካሴት ማጫወቻና ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ያስፈልገናል። በቅዳሜ ጉዞ ለአራት ሰው ቦታ አለ። ስም የሚጻፈው ከዚህ አዳራሽ በር ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ሲሪንቃ ላይ ማንም ሰው ለሻይ አይወርድም።

አሁን መብራቱ ሳይሄድ በጋሼ ቤት በስልክ የቀረፅነውን እናሰማችኋለን። ሦስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የሲኒ ድምፅ ነው፤ መሐል ላይ የሚያስለው ጋሼ ናቸው፤ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ የኛ ጥፋት ነው።